ባሕር ዛፍ ያልሆነው የባሕር ዛፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከአዲስ አበባ መሐል የተላኩ ሲሆኑ፣ የሚጠይቁት ግን ስለ ባሕር ነው። ለአጋጣሚው እኔም ተገርሜያለሁ። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው።

ከካዛንቺስ

«በወጣትነቴ በቀድሞው ባሕር ኃይል ውስጥ በመካኒክነት ምጽዋ ላይ አገልግያለሁ። ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሥሩ ጨው ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚያድግ ለምለም ዛፍ በዐይኔ እንዳየሁ ብናገር የልጅ ልጆቼ ‹አባባ፣ ባሕር ዛፍ ማለትዎ ነው?› ብለው ሳቁብኝ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ግመሎች ውኃው ውስጥ ገብተው ቅጠሉን ሲበሉት አስታውሳለሁ። ይህ ዛፍ ጨዉን ምን ያደርገዋል? ደግሞስ የምጽዋ አሮጌ ቤቶች የተገነቡበት ያ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ከባሕር የወጣ ኮራል ነው ይባል ነበር። ኮራል ድንጋይ ነው፣ ተክል ነው ወይስ እንስሳ?»

አባታችን፣ ያዩትን በትክክል አይተዋል። የዛፉ የወል ስም ማንግሮቭ ነው፤ በምጽዋና በዳህላክ ደሴቶች ዳርቻ በብዛት የሚገኘው ዝርያ ደግሞ በሳይንሳዊ ስሙ አቪሴኒያ ማሪና ይባላል። የልጅ ልጆችዎ የሳቁበት ቃልም ቢሆን ከጉዳያችን ብዙ አልራቀም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የእንጦጦን ጋራ ያለበሰው፣ ስሙንም ከዚያው ጉዞ ያገኘው ነጭ ባሕር ዛፍ፣ የትውልድ ቦታው የታዝማኒያ ደሴትና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነውና እሱም የደሴት ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ሥሩን ጨው ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ግን አይቆይልዎትም።

ጨው ለምን ተክልን እንደሚገድል ከወጥ ቤት መረዳት ይቻላል። ቲማቲም ከትፈው ጨው ነስንሰው ጥቂት ቢተዉት ውኃውን ይለቃል፤ ውኃ ጨው ወደበዛበት ወገን ይሳባልና። የውቅያኖስ ውኃ በአማካይ በኪሎ ግራም 35 ግራም ጨው ሲይዝ፣ ትነት የሚበረታበትና የሚገባበት ወንዝ የሌለው ቀይ ባሕር ግን 40 ግራም ያህል ይይዛል። ተራ ተክል እዚያ ውስጥ ሥሩን ቢሰድ ሊጠጣ ሄዶ ያለውንም አፍስሶ ይመለሳል። አቪሴኒያ ግን አብዛኛውን ጨው ገና በሥሩ ላይ አጣርቶ ያስቀረዋል። አምልጦ የገባውን ደግሞ በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች በኩል እንደ ላብ ያወጣዋል፤ ላቡ ሲደርቅ በቅጠሉ ላይ በዐይን የሚታይ፣ በምላስ የሚቀመስ ጨው ይቀራል። ጨው ወዳዱ ግመል ባሕር ድረስ መግባቱ አያስገርምም፤ መኖውን ጨው ተነስንሶለት ያገኘዋል።

ጨዉ ብቻም አይደለም። ዛፉ የቆመበት ጭቃ አየር የለውም። ስለዚህ አቪሴኒያ ከዋናው ሥሩ ላይ ሽቅብ የሚያድጉ፣ መሬት ላይ እንደተሰካ እርሳስ ቀጥ ብለው የሚታዩ መተንፈሻ ሥሮችን ያበቅላል፤ የባሕሩ ውኃ ሸሽቶ ሲመለስ በመካከሉ አየር የሚስበው በእነሱ ነው። በባዶ እግርዎ ሄደውበት ከሆነ እነዚያን ሥሮች እግርዎ አይረሳቸውም። ዘሩም ቢሆን ከእናቱ ሳይለይ ፍሬው ውስጥ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ውኃ ላይ ሲወድቅ ተንሳፎ ይሄድና ጭቃ ባገኘበት ፈጥኖ ሥር ይሰዳል።

ይህን ዛፍ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፒተር ፎርስኮል የተባለው፣ የስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር ነው። በ1761 ከኮፐንሃገን ወደ ዐረብ አገር ከተላኩት ስድስት የጉዞ አባላት አንዱ የነበረ ሲሆን፣ በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ከስድስቱ በሕይወት አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር፤ የጓደኛውን ጽሑፎች ተሸክሞ ደርሶ በ1775 አሳተመለት። ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚማርከኝ ግን እርስዎ የሚያውቁት ሠፈር አጠገብ የተደረገ ሌላ ጥናት ነው። ጎርደን ሳቶ የተባለ አሜሪካዊ የሕዋስ ተመራማሪ ከምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎ ዳርቻ፣ ማንግሮቭ ከባሕሩ ዳር ሁሉ ይልቅ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ለምን እንደሚበቅል ጠየቀ። የሚበቅለው የክረምት ጎርፍ ከደጋ ወርዶ ባሕር በሚገባበት ቦታ መሆኑን አስተዋለ። ብዙ ሰው ምክንያቱ ጨው የሌለው ውኃ ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ሳቶ ግን ጎርፉ የሚያመጣው ዋናው ነገር ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት ነው አለ፤ ሌሎቹን ማዕድናት የባሕር ውኃ ራሱ በበቂ ይዟቸዋልና። ማዳበሪያ በትንሹ በተበሳ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ከብረት ቁራጭ ጋር በየችግኙ ሥር ቀበረ፤ ችግኞቹ ዛፍ አልባ በነበረው ዳርቻ ላይ ጸደቁ። ለፕሮጀክቱ ማንዛናር የሚል ስም ሰጠው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዘር ስለሆነ ብቻ ከቤተሰቡ ጋር የታሰረበት የካሊፎርኒያ በረሃማ ካምፕ ስም ነው። አንድ ሰው የእስር ቤቱን ስም ለዛፍ ተከላ ሲሰጥ ምን እያሰበ እንደነበር መገመት ለአንባቢ ልተው።

ኮራልን በተመለከተ፣ ለሦስቱም ምርጫዎችዎ «አዎን» ልልዎት እችላለሁ። ኮራሉ እንስሳ ነው፦ አፉን በጥቃቅን ክንዶች የከበበ፣ ብዙውን ጊዜ ከጥፍር የማይበልጥ ለስላሳ ፍጥረት። በሥጋው ውስጥ በዐይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለባለቤቱ ያካፍሉታል፣ እሱም መጠለያ ይሰጣቸዋል። እንስሳው ከሥሩ የኖራ መቀመጫ እየገነባ ይሄዳል፤ ሲሞት የሚቀረው የምጽዋ ግንበኞች የጠረቡት ድንጋይ ነው። ሊቃውንቱም ለረዥም ጊዜ ተወዛግበውበታል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማርሲሊ የተባለ ጣሊያናዊ በኮራል ላይ «አበቦች» አየሁ በማለቱ ተክል ነው የሚለው ሐሳብ ጸና። ፔይሶኔል የተባለው የማርሴይ ሐኪም በ1720ዎቹ «አበቦቹ» ጥቃቅን እንስሳት ናቸው ብሎ ቢጽፍ የፓሪስ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ዛሬ የሚያሳስበው ነገር የውኃው ሙቀት ነው፤ ባሕሩ ከለመደው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፣ ነጭ ሆኖም ይቀራል፤ ቶሎ ካልተመለሱለትም ይራባል።

ከአራት ኪሎ

«የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው ጅብራ በሃዋይ ደሴቶች ካሉ አንዳንድ ተክሎች ጋር ዘመድ መሆኑን ተምረናል። ሃዋይ ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ የወጣች፣ ከየትኛውም አህጉር የራቀች ከሆነች ተክሎቹ በምን ደረሱ? ጓደኞቼ ‹የባሕር በር በሌለው አገር ሆነሽ ይህን ማጥናት ምን ይረባሻል?› ይሉኛል።»

ጥያቄሽን ቻርለስ ዳርዊንም ጠይቆት ነበር፤ መልሱን የፈለገውም እቤቱ ሆኖ ነው። በ1850ዎቹ የልዩ ልዩ ተክሎችን ዘር ጨው ውኃ በያዙ ዕቃዎች ውስጥ እየዘፈዘፈ አቆየና ቆይቶ ዘራቸው። ከ87 ዓይነት ዘሮች 64ቱ ከ28 ቀን በኋላ በቀሉ፤ ጥቂቶቹ ከ137 ቀን በኋላም ነፍስ ነበራቸው። ነገር ግን አንድ እንቅፋት አጋጠመው፦ እርጥቡ ዘር ብዙውን ጊዜ ይሰምጣል፤ የሰመጠ ዘር ደግሞ ባይሞትም የትም አይደርስም። ስለዚህ ፍሬዎችንና ቅርንጫፎችን አድርቆ ሞከረ። ወዲያው ይሰምጥ የነበረው የሐዘል ፍሬ ሲደርቅ 90 ቀን ተንሳፈፈ፤ ከዚያም ሲተከል በቀለ። ሌላ ጊዜም ከቆሰለች ቆቅ እግር ላይ የተገኘ፣ ሦስት ዓመት የቆየ የደረቀ ጭቃ ተልኮለት ፈርፍሮ ውኃ ቢያጠጣው 82 ቡቃያዎች ወጡበት። ውድ መሣሪያ ሳይኖር በማሰሮና በትዕግሥት የተሠራ ሥራ ስለሆነ፣ በየጊዜው «ቤተ ሙከራችን አልተሟላም» ለሚሉኝ ተማሪዎች ይህን ታሪክ መንገር ደስ ይለኛል።

ዳርዊን ያላየው ነገር ደግሞ አዲስ ደሴት ስትወለድ ማየት ነበር። ኖቬምበር 14 ቀን 1963 ከአይስላንድ በስተደቡብ ባሕሩ ፈልቶ ሱርትሴይ የተባለች ደሴት መውጣት ጀመረች፤ እሳቱ የቆመው በ1967 ነው። ገና ከመነሻዋ ጀምሮ ለጥናት ብቻ ተከልላ፣ ከተመራማሪዎች በስተቀር ማንም እንዳይረግጣት ተደርጓል። እሳቱ ገና ሳይበርድ በ1965 የመጀመሪያው ባለ አበባ ተክል፣ የጎመን ዘመድ የሆነ የባሕር ዳር ቅጠል፣ አሸዋው ላይ በቅሎ ተገኘ፤ ዘሩን ያመጣው ባሕሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተክሎቹ ቁጥር ቀስ እያለ ይጨምር ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የባሕር ወፎች በብዛት ጎጆ መሥራት ሲጀምሩ ግን ኩሳቸው መሬቱን አዳበረው፣ ዘርም በላባቸውና በሆዳቸው ይዘው መጡ፤ ባዶው ላቫ ለመለመ። ከተመራማሪዎቹ የአንዱ የሆድ ጉዳይ ያስከተለው የቲማቲም ችግኝ በቅሎ መነቀሉንም የደሴቷ ታሪክ መዝግቦታል። ጥብቅ ክልል ማለት ምን ያህል ጥብቅ መሆን እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሃዋይ ከሰሜን አሜሪካ 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህን ርቀት የሚሻገር ዘር በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሳካለት ይበቃል። ከጅብራ ጋር የሚዛመዱት የሃዋይ ተክሎች ዛሬ ከ120 በላይ ዝርያ ናቸው፤ የዘር ጥናቱ እንደሚያሳየው ሁሉም ከዛሬ 13 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከደረሰ አንድ እንግዳ የተወለዱ ናቸው። እንግዳው ሲደርስ ተወዳዳሪ አልነበረውም። አንዱ ዘር ጫካ ውስጥ ገባ፣ ሌላው ገደል ላይ ወጣ፣ ሌላው ዛፍ ሆነ፤ አበቦቻቸውም ከወፎች ምንቃር ጋር አብረው ጎበጡ። ችግሩ ወፉ ወይም ነፍሳቱ ሲጠፉ ነው። ብሪጋሚያ የተባለው የገደል ተክል የአበባ ዱቄቱን የሚያመላልስለት ፍጥረት በመጥፋቱ፣ ተመራማሪዎች በገመድ እየተንጠለጠሉ ከአበባ ወደ አበባ በብሩሽ ሲያዳርሱለት ኖረዋል።

አሁን ወደ ጅብራ ልመልስሽ። ጅብራ ሎቤሊያ ከሚባለው ወገን ነው፤ ሜዳ ላይ ከሣር የማይበልጡ የሎቤሊያ ዝርያዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ፤ ጅብራ ግን ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል፣ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ሲያበዛ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ከኢትዮጵያ ውጭም አይገኝም። በጋላፓጎስ ደሴቶችም የሱፍ አበባ ወገን የሆነው ስካሌሲያ እንዲሁ ዛፍ ሆኖ ይታያል፤ 15 ዝርያዎችም አሉት። የእኛ ተራራም እንደ ደሴት ነው፤ ብርዳሙን የሰሜን ወይም የባሌ አናት ቆላና ወይና ደጋ እንደ ባሕር ከበውታል። ለጅብራ ከአንዱ ተራራ እስከ ሌላው ያለው ሞቃት ምድር ለሃዋይ ተክል ሰላማዊ ውቅያኖስ እንደሆነው ነው። ደሴት የሚያደርገው መገለል እንጂ ውኃ ብቻ አይደለም፤ ለጓደኞችሽ የምትሰጪው መልስ ከዚህ ይጀምራል።

ሁለተኛው መልስ ከመማሪያ ክፍልሽ በእግር የሚደረስ ነው። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1959 የተቋቋመ ነው። ከ1980 እስከ 2009 ድረስ የተሠራው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ ኤርትራንም ስለሚጨምር ከላይ የካዛንቺሱ አባታችን የጠየቁት ማንግሮቭ ሳይቀር የጠረፍ ዕፅዋት አሉበት። ሄደሽ አንብቢው። ደግሞም ከአፍሪካ ቀንድ ፊት ለፊት ባለችው ሶቆጥራ ደሴት ላይ ከ825 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎች 37 በመቶው ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው፤ ደም የሚመስል ቀይ ሙጫ የሚፈሰው የታወቀው ጥላ መሰል ዛፍ የቅርብ ዘመድ ግን ትግራይ ውስጥ በደስአ ደን ይበቅላል። የደሴቱን ዛፍ የሚያጠና ሰው አንድ ቀን የግድ ወደዚህ ይመጣል። ቀድመሽ ብትጠብቂው ይሻላል።

ከቸርችል ጎዳና አካባቢ

«የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባክቴሪያ የምናሳድግበትን፣ አጋር የተባለውን የሚረጋ ነገር በየቀኑ አፍልቼ በሳህን ላይ እገለብጣለሁ። የሚሠራው ከባሕር ተክል ነው ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

እውነት ነው፤ ከቀይ የባሕር አልጌዎች፣ በተለይም ጄሊዲየምና ግራሲላሪያ ከሚባሉት ይወጣል። በአልጌው ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ የሚገኝ፣ ማዕበል ሲያንገላታው ሳይሰበር እንዲለጠጥ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው። ወደ ላቦራቶሪ ያስገባችው ፋኒ ሄሰ ናት። በ1881 ባለቤቷ በጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ በሮበርት ኮክ ዘንድ ሲሠራ ባክቴሪያውን የሚያሳድጉት በጄላቲን ላይ ነበር፤ ጄላቲን ደግሞ ባክቴሪያው በሚፈልገው የ37 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል፣ አንዳንድ ባክቴሪያም ይበላዋል። ፋኒ በጃቫ ኖረው ከነበሩ ሰዎች የተማረችውን፣ እቤቷ ለጣፋጭ ምግብ የምትጠቀምበትን አጋር አሳየቻቸው። አጋር የሚቀልጠው በ85 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከቀለጠ በኋላ የሚረጋው ግን ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ ነው። የአዲስ አበባ ውኃ በከፍታው ምክንያት በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ለርስዎም በቂ ነው ማለት ነው። ፋኒ በሥራው ላይ ስሟ አልተጻፈም፤ በዘመኑ የተለመደ ነበርና ማንም አልተገረመም።

ስሟ ዘግይቶ የተመሰገነ ሌላ ሴት ልጨምርልዎ። ጃፓኖች ሩዝ የሚጠቀልሉበትን ኖሪ የተባለ ቀይ አልጌ ለዘመናት ከባሕር ዳር ሲያመርቱ ኖረዋል፤ ዘሩ ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቁም ነበር፤ አንድ ዓመት ይበዛል፣ ሌላ ዓመት ይጠፋል። እንግሊዛዊቷ ካትሊን ድሩ ቤከር ማንቸስተር ውስጥ የአገሯን የኖሪ ዘመድ ስታጠና፣ በዛጎል ላይ የሚበቅል፣ ሌላ ዝርያ ተደርጎ ሌላ ስም ተሰጥቶት የኖረ ሐምራዊ ክር የዚያው አልጌ የሕይወት ደረጃ መሆኑን ደረሰችበት፤ በ1949ም አሳተመችው። ዩኒቨርሲቲው ያገባች ሴት በመምህርነት አይቀጥርም ስለነበር ያጠናችው በደመወዝ አልነበረም። ጃፓኖች ግኝቱን ይዘው ዘሩን በዛጎል ላይ ማሳደግ ቻሉ። እሷ ጃፓንን ሳታይ በ1957 ሞተች፤ በኩማሞቶ አውራጃ ኡቶ ከተማ ሐውልት ቆሞላት በየዓመቱ በሚያዝያ ይዘክሯታል።

ከፒያሳ

«ባለቤቴ ከጎጃም ሲመለስ በዓባይ በረሃ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች ዛጎል የሚመስል ነገር የታተመበት ድንጋይ ገዛ። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ የባሕር ዛጎል ምን ይሠራል? ወይስ ተታለልን?»

አልተታለላችሁም ብዬ አስባለሁ። ሸለቆው ውስጥ የሚታየው የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ የአገራችንን ብዙ ክፍል በሸፈነ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው፤ ዛጎሎች፣ ቀንድ አውጣዎችና ኮራሎች በውስጡ ይገኛሉ። ያኔ ቀይ ባሕር ገና አልተፈጠረም ነበር። በዳናኪል ጨው ሜዳ ዳር ከሚታዩት የኮራል ቅሪቶች ጋር ግን አታምታቱት፤ እነዚያ የቀይ ባሕር ውኃ ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ በነበረበት ጊዜ የቀሩ፣ 125 ሺህ ዓመት ገደማ ብቻ የሆናቸው ጎረምሶች ናቸው። በሙገር ሸለቆ ለሲሚንቶ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይም የዚያው የጥንቱ ባሕር ስለሆነ፣ ፒያሳ ላይ በቆመው ፎቅ ውስጥም የዛጎል ዱቄት ሳይኖር አይቀርም። ድንጋያችሁን ለማረጋገጥ ከጀርባው ትንሽ ፍቃችሁ አቼቶ አንጠብጥቡበት፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲያበቃ ግን ዛጎሉ እንዳይበላ በንጹሕ ውኃ እጠቡት።